ኩርኩሚን የብግነትን መልእክት ይዘጋል ሲባል ምን ማለት ነው?

የተጠየቀው ነገር ይህ ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በሳህን ያሳደጓቸውን የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕዋሳት ከእርድ በሚገኘው ኩርኩሚን፣ በ20 ማይክሮሞላር መጠን፣ ለአንድ ሰዓት ካቆዩ በኋላ ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን ጨመሩባቸው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲመለከቱ ኤንኤፍ ካፓ ቢ ከተባለው ጂን ቀስቃሽ ፕሮቲን ክፍሎች አንዱ የሆነው ፒ65 እንደ ወትሮው ወደ ሕዋሱ አስኳል ሳይገባ ቀርቷል። «እንግዲህ ኩርኩሚን የኤንኤፍ ካፓ ቢን መንገድ በመዝጋት የካንሰርን እድገት ይገታል ብዬ ብጽፍ ትክክል ነኝን? ካልሆንኩስ የጎደለኝ ምንድን ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ያዩት ነገር እውነት ነው፤ በርካታ ላቦራቶሪዎችም በተለያዩ ሕዋሳት ላይ ደጋግመው አይተውታል። ሊጽፉት ያሰቡት ዓረፍተ ነገር ግን ሦስት ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፦ መልእክቱ ተቋርጧል ይላል፤ የተቋረጠውም ኩርኩሚን በራሱ በመንገዱ ላይ ስላረፈ ነው ይላል፤ ካንሰሩ የሚገታው በዚሁ ምክንያት ነው ይላል። ሙከራዎ የሚደግፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ገና ማስረጃ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በሳህን ላይ በተሠራ ሥራ ብቻ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ አይደለም።

መንገዱን ከመነሻው ማስታወሱ ለቀሪው ሐሳብ ይጠቅማል። ራንጃን ሴንና ዴቪድ ባልቲሞር ኤንኤፍ ካፓ ቢን በ1986 ሲያገኙት ነገሩ ከካንሰርም ከብግነትም ጋር አልተያያዘም ነበር፤ ቢ በሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ የአንቲቦዲን ካፓ ሰንሰለት ከሚሠራው ጂን ማነቃቂያ ክፍል ላይ የሚያርፍ ፕሮቲን ሆኖ ነው የታወቀው፤ ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። በኋላ እንደታየው ይህ ፕሮቲን በአብዛኞቹ የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ ጥሪ ይጠብቃል። ሕዋሱ በዕረፍት ላይ ሳለ የኤንኤፍ ካፓ ቢ ክፍሎች የሆኑት ፒ65ና ፒ50 ተጣምረው ከአስኳሉ ውጪ ባለው የሕዋሱ ክፍል፣ በሳይቶፕላዝም፣ ይቆያሉ፤ አይ ካፓ ቢ አልፋ የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንደ ልጓም ይዟቸዋል። ቲኤንኤፍ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ አይኬኬ የተባለው የኢንዛይም ስብስብ ይነቃና በልጓሙ 32ኛና 36ኛ ቦታ ባሉት ሴሪን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ፎስፌቱ ዩቢኩዊቲን የተባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች እንዲቀጣጠሉበት ያደርጋል፤ በዚህ ምልክት የታወቀውን ልጓም ፕሮቲያሶም የተባለው የሕዋሱ ፕሮቲን ፈጪ ይሰባብረዋል። የተለቀቁት ፒ65ና ፒ50 ወደ አስኳሉ ገብተው ኢንተርሊዩኪን 6ን፣ ኢንተርሊዩኪን 8ን፣ ኮክስ 2ን፣ የደም ሥር አብቃዩን ቪኢጂኤፍንና ሕዋስን ከሞት የሚከላከሉትን እንደ ቢሲኤል ኤክስኤል ያሉ ፕሮቲኖች የሚያሠሩ ጂኖችን ይቀሰቅሳሉ።

ከሚቀሰቀሱት ጂኖች መካከል አንዱ የራሱ የልጓሙ ጂን መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቲኤንኤፍ ከተጨመረ በ15 ደቂቃ ገደማ ውስጥ የሚጠፋው አይ ካፓ ቢ አልፋ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላ እንደገና ተሠርቶ ይታያል፤ ፒ65ንም ከአስኳሉ እየጎተተ ያስወጣዋል፤ ማነቃቂያው ከቀጠለ መግባትና መውጣቱ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ የሰዓት ነጥብ ላይ ብቻ የተነሣ ምስል «አልገባም» እና «ዘግይቶ ይገባል» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ሊለይ አይችልም። እርስዎ የተመለከቱት በ30 ደቂቃ ብቻ ነው። በ5፣ በ15፣ በ30፣ በ60 እና በ120 ደቂቃ ናሙና ወስደው ፎስፌት የተለጠፈበትን ልጓም፣ አጠቃላዩን ልጓምና በአስኳል ያለውን ፒ65 ጎን ለጎን ቢለኩ፣ መቋረጡ ከአይኬኬ በላይ ይሁን ከእርሱ በታች ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ልጓሙ ፎስፌት ሳይለጠፍበት ከቀረ ችግሩ አይኬኬ ላይ ወይም ከእርሱ በላይ ነው፤ ተለጥፎበት ሳይሰበር ከቀረ ፕሮቲያሶሙን መጠርጠር ነው፤ ተሰብሮም ፒ65 ካልገባ ወይም ገብቶ ጂኑን ካልያዘ በራሱ በፒ65 ላይ አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኩርኩሚን እንምጣ። ከእርድ ሥር ተለይቶ የወጣው በ1815 ነው፤ የሞለኪዩሉ አወቃቀር የተፈታው ደግሞ በ1910 ነበር። ሁለት የፌኖል ቀለበቶችን ሰባት ካርቦን ያለው ሰንሰለት ያያይዛቸዋል፤ በዚህ ሰንሰለት ላይ ኤሌክትሮን የሚሹ ሁለት ቦታዎች አሉ። ፕሮቲኖች ሲስቴይን በተባለው አሚኖ አሲዳቸው ላይ የድኝ አቶም ይይዛሉ፤ ይህ የድኝ አቶም ከእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ጋር ሲገናኝ ጠንካራ ትስስር ሊፈጥር ይችላል። አይኬኬም ፒ65ም ለሥራቸው ወሳኝ የሆኑ ሲስቴይኖች አሏቸው። ፓርቴኖላይድ የተባለው ሌላ የዕፅ ውህድ በአይኬኬ ቤታ 179ኛ ሲስቴይንና በፒ65 38ኛ ሲስቴይን ላይ እንደሚጣበቅ በተለወጡ ፕሮቲኖች ጭምር ተፈትኖ ታይቷል፤ ማለትም ሲስቴይኑ በሌላ አሚኖ አሲድ ሲተካ ውህዱ ኃይሉን ያጣል። ለአንድ ውህድ «በቀጥታ ይዘጋል» ለማለት የሚያስደፍረው እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው።

ኩርኩሚን የኤንኤፍ ካፓ ቢን መነቃቃት እንደሚያፍን ሲንግና አጋርዋል በ1995 ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን በሆኑት በማይሎይድ ሕዋሳት ላይ ካሳዩ ወዲህ፣ ውህዱ ነካቸው የተባሉት ፕሮቲኖች ቁጥር እየበዛ ሄዷል፦ አይኬኬ፣ ስታት 3፣ ኤፒ 1፣ ታዮሬዶክሲን ሪዳክቴዝ፣ ፕሮቲያሶም፣ ሌሎችም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ብዛት እንደ በጎ ነገር ቆጥረው «ብዙ ዒላማ ያለው መድኃኒት» ይሉታል። እኔ ግን ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ጥርጣሬዬ ይጨምራል። ያገኘውን የድኝ አቶም ሁሉ የሚይዝ፣ ብረትን የሚያስር፣ ሕዋሱን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚጠብቀውን የግሉታታዮን ክምችት የሚያሟጥጥ ሞለኪዩል ሕዋሱን በአጠቃላይ ያስጨንቀዋል፤ የተጨነቀ ሕዋስ ደግሞ ብዙ መልእክቶችን በአንድነት ያቆማል። ከእነዚያ መካከል ተመራማሪው ሊያይ የመረጠው አንዱ ኤንኤፍ ካፓ ቢ ሊሆን ይችላል፤ ያ ብቻውን የመጀመሪያው ዒላማ አያደርገውም።

በዚህ ላይ ውህዱ ራሱ አይረጋም። ሴረም፣ ማለትም በሕዋስ ማሳደጊያ ላይ የሚጨመረው የደም ፈሳሽ ክፍል፣ በሌለበትና ፒኤች 7.2 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀመጥ ከኩርኩሚኑ 90 በመቶ ያህሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንደሚፈራርስ በ1997 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ 10 በመቶ ሴረም ባለበት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚፈራርሰው ከ20 በመቶ በታች ነው። የእርስዎ ሕዋሳት ቲኤንኤፍ ከመጨመሩ በፊት በሴረም ውስጥ ነበሩ ወይስ ሴረም ተነሥቶላቸው ነበር? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሴረም ካልነበረ፣ ሰዓቱ ሲሞላ በሳህኑ ውስጥ የቀረው በአመዛኙ ኩርኩሚን ሳይሆን ስብርባሪው ነው። ሴረም ከነበረ ደግሞ ብዙው ክፍል አልቡሚን ከተባለው የሴረሙ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ሕዋሱን የሚያገኘው ነጻ መጠን ከጻፉት 20 ማይክሮሞላር እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ለሽያጭ የሚቀርበው ዱቄትም ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ኩርኩሚን አይደለም፤ ሩብ ያህሉ ሜቶክሲ ቡድን የጎደላቸው ሁለት የቅርብ ዘመዶቹ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላው ወጥመድ ቀለሙ ነው። ኩርኩሚን በራሱ ያበራል፤ ብርሃኑም በአረንጓዴው ክልል ስለሚወድቅ ፒ65ን በአረንጓዴ ቀለም ካቀለሙት ሳይቶፕላዝሙ ደምቆ፣ አስኳሉም በንጽጽር ጨልሞ ሊታይ ይችላል፤ ይህም እርስዎ የሚጠብቁትን ውጤት ራሱን ይመስላል። ቀለሙን ወደ ጥልቁ ቀይ መለወጥና ኩርኩሚን ብቻ የተሰጣቸውን፣ አንቲቦዲ ያልነካቸውን ሕዋሳት አብሮ ማየት ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። በ2017 በመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ ኩርኩሚንን የመለኪያ ዘዴዎችን ከሚያሳስቱ ውህዶች ተርታ የመደበው በእነዚህ ምክንያቶች ነው፤ ከ120 በላይ የሕክምና ሙከራዎች ተደርገው በፕላሴቦ (መድኃኒት በሌለበት ማስመሰያ) ቁጥጥርና በድርብ ስውር ዘዴ፣ ማለትም ሐኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደሚወስድ ሳያውቁ፣ ተደርጎ የተሳካ አንድም ሙከራ አለመገኘቱንም ጽፏል። በዚህ ዘርፍ የወጡ በርካታ ጽሑፎች በምስሎቻቸው ላይ በተነሣ ጥያቄ ምክንያት በየመጽሔቶቹ መሻራቸውን ልብ ይበሉ፤ ማንኛውንም የቆየ ጽሑፍ ከመጥቀስዎ በፊት ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ያረጋግጡ።

ለሁለተኛው አባባልዎ የሚያስፈልጉት ሙከራዎች ከዚህ ይመነጫሉ። ድኝ ያዘለ ውህድ፣ ለምሳሌ ኤን አሴቲል ሲስቴይን፣ አስቀድመው ሲጨምሩ የኩርኩሚን ውጤት ከጠፋ፣ ነገሩ በሲስቴይን መያያዝ ወይም በኦክሲጅን ጭንቀት በኩል የመጣ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ሲስቴይኑ የተለወጠ አይኬኬ ያላቸው ሕዋሳት ያስፈልጋሉ። ቴትራሃይድሮኩርኩሚን የተባለው ተዛማጅ ውህድ ኤሌክትሮን ፈላጊ ቦታዎቹን ስላጣ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን በዚያው መጠንና በዚያው ሰዓት ስንት ሕዋሳት በሕይወት እንዳሉ ይቁጠሩ፤ እየሞተ ያለ ሕዋስ መልእክት ባያስተላልፍ አያስደንቅም።

ሦስተኛው አባባል፣ ማለትም «በዚህ ምክንያት ካንሰሩ ይገታል» የሚለው፣ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ሩዶልፍ ፊርሆ ነጭ የደም ሕዋሳት በዕጢ ውስጥ እንደሚገኙ ተመልክቶ ካንሰር ሥር የሰደደ ብግነት ባለበት ስፍራ ይነሣል የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው በ1863 ነው። ሃሮልድ ድቮራክ ደግሞ በ1986 ዕጢን ከማይድን ቁስል ጋር አነጻጽሮታል። ኤንኤፍ ካፓ ቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባበት ዋናው በር የሕዋስ ሞት ነው። ቲኤንኤፍ ለሕዋሱ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞችን በአንድ ጊዜ ያስተላልፋል፦ አንዱ ሙት ይላል፤ ሌላው በኤንኤፍ ካፓ ቢ በኩል የመትረፊያ ጂኖችን ያስነሣል። ሁለተኛው ሲታገድ የመጀመሪያው ያይላል። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ መንገዱ መዘጋቱ በአብዛኛው ሕዋሱን በቀጥታ አይገድለውም፣ ለሌላ ገዳይ ነገር ያጋልጠዋል እንጂ። ስለዚህ ኩርኩሚን ያለ ቲኤንኤፍም ሕዋሳትዎን የሚገድል ከሆነ፣ የገደላቸው የኤንኤፍ ካፓ ቢ መታገድ ነው ለማለት ይቸግራል።

መንገዱን መዝጋት ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለው ግምትም በእንስሳት ላይ ተፈትኖ ሁለት ፊት ያለው መልስ ሰጥቷል። በ2004 በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከአንጀት ብግነት ጋር ተያይዞ የሚመጣ ካንሰር እንዲነሣ ሲደረግ፣ አይኬኬ ቤታ ከአንጀቱ ሽፋን ሕዋሳት ብቻ ሲወገድ የዕጢዎቹ ቁጥር በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ብግነቱ ግን አልቀነሰም። ከማይሎይድ ሕዋሳት ሲወገድ ደግሞ የዕጢዎቹ ቁጥር በግማሽ ገደማ ወርዶ መጠናቸውም አነሰ። ያው ፕሮቲን በሽፋኑ ሕዋስ ውስጥ ከሞት ጠባቂ፣ በነጩ የደም ሕዋስ ውስጥ ደግሞ እድገት አቀባይ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን በ2005 ያው ጂን ከጉበት ሕዋሳት ተወግዶ አይጦቹ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሲሰጣቸው የጉበት ካንሰሩ ጨመረ፤ ከመትረፊያ ጂኖች የተራቆቱት ሕዋሳት በብዛት ሞተው፣ ጎረቤቶቻቸው የጎደለውን ለመተካት በፍጥነት መባዛታቸው ነበር ምክንያቱ። በቆዳም ላይ መንገዱ ሲታገድና ራስ የተባለው ጂን አብሮ ሲነቃ ኃይለኛ የቆዳ ካንሰር መነሣቱ በ2003 ታይቷል። በአንድ ዓይነት ሕዋስ ብቻ በተሞላ ሳህን ውስጥ ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም።

መጠኑም አለ። በ2001 በወጣ ጥናት ሰዎች በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ሲወስዱ በደም ሴረም ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ መጠን በአማካይ 1.77 ማይክሮሞላር ነበር፤ ከዚያ በላይ መስጠት ያልተቻለው በመርዛማነቱ ሳይሆን የሚዋጠው ብዛት ታማሚዎቹን ስላስቸገራቸው ነው። ከ1.77ቱም አብዛኛው ክፍል በአንጀት ግድግዳና በጉበት ከግሉኩሮናይድ ወይም ከሰልፌት ጋር ተጣምሮ ዐቅሙን የቀነሰ ሊሆን እንደሚችል ከዚያ በኋላ የተሠሩ ልኬቶች ያመለክታሉ። የእርስዎ 20 ማይክሮሞላር ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ነው። ለእርስዎ የሚያመቸው ነገር የመረጡት ሕዋስ ከትልቁ አንጀት የመጣ መሆኑ ነው፤ ሰዎች ለሰባት ቀናት በየቀኑ 3.6 ግራም ሲወስዱ፣ በደማቸው ውስጥ የተገኘው እጅግ ጥቂት ቢሆንም በአንጀት ሽፋናቸውና በዕጢያቸው ውስጥ ግን በሚገባ የሚለካ ኩርኩሚን ተገኝቷል። ጥናትዎ ስለ ጡት ወይም ስለ ሳንባ ካንሰር ቢሆን ኖሮ ይህን መከራከሪያ እንኳ ማቅረብ አይችሉም ነበር።

እንዲህም ሆኖ በአንጀት ላይ የተደረገው ጥሩ ሙከራ አላበረታታም። በዘር በሚተላለፍ ምክንያት አንጀታቸው ብዙ ፖሊፕ የሚያበቅል 44 ሰዎች ግማሾቹ በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን፣ ግማሾቹ ፕላሴቦ እየወሰዱ ለ12 ወራት ሲታዩ በፖሊፖቹ ቁጥርም ሆነ መጠን ልዩነት አልተገኘም፤ ውጤቱ የወጣው በ2018 ነው። በቆሽት ካንሰር ላይ በ2008 የወጣው ጥናት ብዙ ጊዜ ለተስፋ ይጠቀሳል። ከተመዘኑት 21 ታማሚዎች አንዱ ከ18 ወራት በላይ ሕመሙ ሳይባባስበት መቆየቱ፣ የሌላው ዕጢም ለአጭር ጊዜ 73 በመቶ መቀነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም።

ይህ ማለት የብግነትን መልእክት መንካት ለሰው አይጠቅምም ማለት አይደለም። አስፕሪን፣ የዘር ሐረጉ ከአኻያ ዛፍ ልጥ የሚመዘዘው ውህድ፣ ሊንች በተባለው የዘር ሁኔታ ምክንያት ለአንጀት ካንሰር የተጋለጡ 861 ሰዎች በተካተቱበት ሙከራ በቀን 600 ሚሊግራም ሲሰጥ ሕመሙን እንደቀነሰ በ2011 ታይቷል፤ እርሱ ግን በዋናነት የሚሠራው ኮክስ የተባሉትን ኢንዛይሞች በማይመለስ ሁኔታ በማሰር ሲሆን ጥቅሙም የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚህም ይበልጥ ትምህርት ሰጪ ሆኖ የማገኘው የካናኪኑማብን ታሪክ ነው። ይህ ኢንተርሊዩኪን 1 ቤታን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ደርሶባቸው የነበሩ 10,061 ሰዎች በተካተቱበት ሙከራ ሲጠና በሳንባ ካንሰር የሚያዙትና የሚሞቱት ቁጥር ማነሱ በ2017 ተዘገበ። ካንሰሩ በተገኘባቸው ሰዎች ላይ እንደ ሕክምና ሲሞከር ግን በተከታታይ ሙከራዎች አልተሳካም። ንጹሕ፣ የተመረጠ፣ በደም ውስጥ በቂ መጠን የሚደርስ መድኃኒት እንኳ ከቆመ ዕጢ ጋር ሲጋጠም እንዲህ ከሆነ፣ ከኩርኩሚን የምንጠብቀውን ልክ ልናበጅለት ይገባል።

ጽሑፍዎን ታማሚዎች ሊያነቡት ስለሚችሉ አንድ ነገር ልጨምር። በ2002 በጡት ካንሰር ሕዋሳትና በአይጦች ላይ ኩርኩሚን የአንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶችን ገዳይነት ሲቀንስ ታይቷል፤ ሳይክሎፎስፋሚድና ዶክሶሩቢሲን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ለመጨመር አብሮ የሚሰጠው የቁንዶ በርበሬ ፓይፐሪን የኩርኩሚንን በደም ውስጥ መገኘት ሃያ እጥፍ እንዳሳደገ በ1998 ተዘግቧል፤ ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ጭምር በማገድ ስለሆነ የሌሎቹም መጠን ሳይታሰብ ሊያሻቅብ ይችላል። የእርድ ማሟያ ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎች በ2022 በአንድ ጥናት ተዘግበዋል፤ አምስቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ አንዱ ሞቷል፤ ከአሥሩ ሰባቱ ኤችኤልኤ ቢ 35 01 የተባለውን የዘር ምልክት የያዙ ነበሩ። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ይህን ማሟያ የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በዚህ የሕዋስ ዘር፣ በ20 ማይክሮሞላር መጠን ለአንድ ሰዓት አስቀድሞ የተሰጠ ኩርኩሚን፣ ቲኤንኤፍ በተጨመረ በ30 ደቂቃ ፒ65 ወደ አስኳል እንዳይገባ አድርጓል።» ቀጥሎ የሚሠሩት ሙከራ ምርጫው የእኔ ቢሆን ደግሞ ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር። በዕጢ ውስጥ መልእክቱ ኩርኩሚኑ ከመድረሱ ከብዙ ጊዜ በፊት በርቶ ይቆያልና፣ ቲኤንኤፉን አስቀድመው ሰጥተው ሕዋሳቱን አንድ ሌሊት ካሳደሩ በኋላ፣ በ1 እና በ2 ማይክሮሞላር፣ ሴረም ባለበት፣ ፒ65 ከአስኳሉ ይወጣ እንደሆነ ይመልከቱ።